ወደ ኋላ የሚራመዱት ገመድ ገማጅ

በቅሎዋ ጭነቷን ለሦስተኛ ጊዜ መሬት ላይ ስትዘረግፈው ደቂቃ የሚሏት ፎቶ አንሺ መጮህ አማራት። አልጮኸችም፤ አፏን ብትከፍት የሚገባው አቧራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሜዳውን የሚያምሰው ነፋስ ፊት ለፊት ይገርፋቸዋል፤ አሸዋው ዓይን፣ ጆሮ፣ የካሜራ ቀዳዳ ሳይል በየስንጥቁ ይገባል። አጎቷ ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ መዓት እየወረደ፣ ጭነቱን ያስራሉ። ያስሩና አይጥማቸውም፤ ይፈቱታል። ፈተው እንደገና ያስራሉ።

«ጋሼ፣ ይበቃል፤ እንሂድ» አለች በአንገት ልብሷ አፏን ሸፍና።

«ጭነት በልመና አይቆምም፣ ልጄ። ሥርዓቱን ይፈልጋል።»

አጎቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ አውቶቡስ ጣሪያ ጭነት የማያውቁት የለም፤ የሚያውቁትን ደግሞ ሳይናገሩት የሚያልፉት የለም። ደቂቃ ብቻዋን ልትሄድ ሻንጣዋን ስትሸክፍ፣ እናቷ በር ላይ ቆመው «ወንድሜ ካልሄደ አንቺም ንቅንቅ አትዪም» አሉ። ሴትዮዋ አንዴ ካሉ አሉ ነው። እናም ይኸው፣ ከወንድማቸው ጋር።

ደቂቃ የተባለችው በሥራዋ ነው። ፎቶ አንሺ ናት፤ ሰው ፊት ካሜራ በደገነች ቁጥር «አንዲት ደቂቃ ብቻ» ትላለች፤ ደቂቃዋ ግን ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ቅጽል ስሙ ከወጣላት ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በሥራ ላይ ያለ እጅ። ስለ እጅ ባለሙያዎች መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው፤ አሳታሚው የሚጠብቀው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ከገደሉ ማዶ የሚኖሩት ገመድ ገማጅ ናቸው። በወንዙ ላይ ታንኳ የሚሳብበትን ወፍራም የቃጫ ገመድ በየዓመቱ የሚገምዱት እሳቸው ናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ግን እዚያ ወንዝ ላይ የብረት ድልድይ ይተከላል። ስለዚህ ዘንድሮ የሚገመደው የመጨረሻው ገመድ ነው። ካመለጣት አመለጣት፤ ለከርሞ የለም።

እስካሁን የሆነባት ግን ልብ ያወልቃል። በመንገዷ ያገኘቻቸው ባለሙያዎች ሁሉ ተማክረው የጠበቋት ይመስላሉ። ሸክላ ሠሪዋ ካሜራ ሲያዩ ብድግ ብለው ጓዳ ገቡ፤ ሲወጡ ጭቃው ታጥቦ፣ ክንዳቸው በቅባት አብረቅርቆ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሸማኔው መሸመኛውን ጥሎ ከጎረቤት በተዋሰው ወንበር ላይ ተሰየመ። አንጥረኛው ደግሞ ጭሱ እንግዳዋን እንዳያስቸግራት ብሎ እሳቱን አጠፋው፤ በውኃ። ለመነች፣ ተለማመጠች፣ እንደ ሥራ ቀንዎ ይሁኑልኝ አለች። በሥራ ቀን ማን ፎቶ ይነሣል አሏት።

ይህን አመል ማን እንዳስለመዳቸው ግን ታውቃለች። «ሳቅ በሉ» የሚባል ፎቶ አንሺ አለ፤ በደረሰበት ሁሉ ሰውን ከሥራው አስነሥቶ፣ አልብሶ፣ አቁሞ «እስቲ ሳቅ በሉ» የሚል። ጣጣው ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ መድረሱ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ያ ጨዋ ልጅ ትናንት እንዲህ አድርጎ ነው ያነሣን ሲሏት ካሜራዋን መልሳ ከተተች። አሁንም ወደ ገመድ ገማጁ እየሄደ ነው፤ እሱ በመኪና፣ በዙሪያው መንገድ። እሷ በአቋራጩ፣ ከአንዲት በቅሎና ከአንድ አጎት ጋር።

አጎቷ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ አባዜ አላቸው። ትንሿን ካሜራ እኔም አንዴ ቀጭ ላድርጋት ይላሉ። ጉዞው እንደ ተጀመረ ፈቅዳላቸው ነበር፤ ያነሡት ሰማዩንና የራሳቸውን አውራ ጣት ነው። ከዚያ ወዲህ «ጋሼ፣ አይንኩ» ማለት የመንገዱ ዘፈን ሆነ።

ሜዳው አልቆ ጫካው ሲቀበላቸው ነፋሱ ቆመ። ደቂቃ እፎይ አለች፤ እፎይታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ከወንዝ ዳር ሸምበቆው መሃል አንድ ነገር አናፋ። ቀጥሎ ሸምበቆው ተሰነጠቀና ጥቁር ጎሽ፣ ግንባሩ በጭቃ ተለስኖ፣ ቀንዱን ዘቅዝቆ መጣ። በቅሎዋ ልጓሟን በጥሳ ፈረጠጠች። ደቂቃ በምን ተአምር እንደሆነ ሳታውቅ ራሷን ዛፍ ላይ አገኘችው። አጎቷ ካጠገቧ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቀድመዋት ተቀምጠዋል፤ ለጡረተኛ ጉድ ነው። ጎሹ ከእጇ የወደቀውን የካሜራ ማቆሚያ አገኘና ሦስቱንም እግሩን እየረገጠ ሰባበረው። ሰባብሮም አልሄደ። እዚያው ከሥራቸው ተንጋለለ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ እግሯ ደነዘዘ፣ ጉንዳን በአንገቷ ወረደ። አጎቷ ያወራሉ። አንድ ጊዜ በዝናብ፣ ሙሉ አልጋ ከነፍራሹ ጣሪያ ላይ ጭነው እንዴት አንዲት ጠብታ ሳታርፍበት እንዳደረሱ ያወራሉ። ዝም እንዲሉላት ለመነቻቸው። የቋጠሮውን ዓይነት ሳይነግሯት ወሬው ጎደሎ እንደሚሆን አስረዷት። ጎሹ በመጨረሻ ተነሣ፣ ወደ ላይ አየ፣ ጆሮውን አራገፈና ሄደ። ደቂቃ እስከ ዛሬ የምታምነው ወሬው ሰልችቶት እንደሄደ ነው።

በቅሎዋን ከሩቅ፣ ሣር ስትግጥ አገኟት። ጫካ ለጫካ ስትጋልብ፣ በግንድ ስትላተም ቆይታ አንዲት ሳጥን እንኳ አልወደቀችም። አጎቷ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቋጠሮውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ያ ዝምታቸው ከወሬያቸው ይብስ ነበር።

በማግስቱ ገደሉን ሲወርዱ ከወንዙ ራስ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዙ ግን ገና ዝቅ ብሎ፣ በድንጋዮቹ መሃል እያጉረመረመ ይሄዳል። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረው ያምናው ገመድ ቃጫው ተፈታትቶ የአሮጌ ሰው ቅንድብ መስሏል። ታንኳዋ አንድ ሰው ከነጭነቱ ብቻ ትችላለች፤ ተሳፋሪው ራሱ ገመዱን በእጁ እየሳበ ይሻገራል። በቅሎዋን ዳር ካለ ዛፍ አሰሯት፤ ደቂቃ አንዱን ካሜራ አንገቷ ላይ አድርጋ መጀመሪያ ተሻገረች፤ አጎቷ ባዶዋን ታንኳ በሲባጎ መልሰው ሳቧት። አጎቷ ሳጥኖቹን ጭነው እንዲከተሏት ነገረቻቸው፤ ጭነቱን አስረው እስኪጠግቡ እሷ ሽማግሌውን ታገኛለች።

አገኘቻቸው። ኮት ለብሰው። ጎጇቸው ፊት ለፊት፣ እጃቸውን በጎናቸው ቀጥ አድርገው እንደ ዘብ ቆመዋል። ከፊታቸው ሳቅ በሉ፣ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አገጭዎን ቀና ይላል።

ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ጥርሷ ሰላምታውን አላወቀውም። ሽማግሌውን ሥራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች። ገመዱ የሚወጣባቸው ሦስቱ ፈትሎች ተፈትለው አልቀው ዳሱ ውስጥ ተንጠልጥለዋል፤ ሰዉ ገበያ ስለወጣ አንድ ላይ የሚገመዱት ነገ ነው አሏት። ዛሬ ግን፣ እሷም ካሜራ ስለያዘች፣ በኮቱ አንድ እንድታነሣቸው ፈለጉ። ኮቱ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት ነው፤ ፎቶ የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም።

«የዚህ ሰውዬ ፎቶ ከሱ ጋር ይሄዳል» አሉ ወደ ሳቅ በሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። «አንቺ ብታነሺኝ አንዷን ትልኪልኛለሽ። ገመዱም አለቀ እንግዲህ። የልጅ ልጆቼ ኮት እንደነበረኝ ይወቁ።»

መንገዱ፣ አቧራው፣ ጎሹ፣ የአልጋው ታሪክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገነፈለባት። እኔ የመጣሁት ለኮት አይደለም አለቻቸው። ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት የቆመ ሰው ለማየት አይደለም፣ ነገ ሲሠሩ አነሣዎታለሁ። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ እያሻሹ ዝቅ ብለው መሬት አዩ። ደቂቃ ይህን አየችው፤ ማየቷ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ያኔ ነው ወንዙ የጮኸው።

ከላይ የዘነበው ደርሷል። ዳሩ ላይ ስትደርስ ውኃው ቀልቶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። አጎቷ ወንዙ መሃል ነበሩ። አሮጌው ገመድ አንዴ ተወጠረ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ተበጠሰ። ታንኳዋ እንደ ቅጠል ዞራ ወረደችና ከመሃለኛው ትልቅ ድንጋይ ጋር ተላትማ ተሰካች። አጎቷ ሳጥኖቹን አቅፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ውኃው ከሥራቸው ይወጣል፤ በዓይን እያዩት ይወጣል።

የሽማግሌው ሚስት ቀድመው ተመለከቱ። ድንጋዩ ሳይመሽ ይሰምጣል አሉ፤ በየክረምቱ ይሰምጣል። ያለው ገመድ ገና ያልተገመደው ነው።

ሽማግሌው ኮቱን ለማውለቅ እንኳ አልቆሙም። ከልጃቸው ጋር ሦስቱን ፈትሎች ከዳሱ ጎትተው አወጡ። ሙሉውን ለመግመድ ጊዜ የለም፤ እስከ ድንጋዩ የሚደርስ ይበቃል። ቢላዋ አነሡና፣ የዓመት ሥራቸውን፣ ከወገቡ ላይ ቆረጡት። አንዱን ጫፍ ከዛፍ ጋር አሰሩ፤ በሌላው ጫፍ በሦስቱም ላይ አጫጭር ዱላ ታሰረ። ሦስት ሰው ሦስቱን ዱላ ይዞ እንደ መዘውር ያከረዋል። ገማጁ ሦስት ቦይ ያለበትን እንጨት በፈትሎቹ መሃል አስገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አድርገው፣ ገመዱ ከእጃቸው ሥር ሲገጥም እያዩ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። የኋላቸውን አያዩም። የሚያዩላቸው ሚስታቸው ናቸው።

አንዱን ዱላ ልጃቸው፣ አንዱን ምራታቸው ያዙ። ሦስተኛው ያዥ ገበያ ነው።

ሽማግሌው ደቂቃን አዩ። «ከያዝሽው አትለቂውም። አንዱ ከለቀቀ ሁሉም ይፈታል። እስኪቋጠር ድረስ ብትሞቺም አትለቂም።»

አንገቷ ላይ ካሜራው ተንጠልጥሏል። ሥራው ሊጀመር ነው፤ ለወራት የለመነችው፣ በዓለም ላይ የመጨረሻው ገመድ፣ ብርሃኑም ከደመናው ሥር ሾልኮ ወርቅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ብርሃን ሲለምኑት አይመጣም። ሳቅ በሉ ማቆሚያውን ተሸክሞ እየሮጠ ነበር፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል እያለ። ደቂቃ ካሜራዋን ከአንገቷ አውልቃ ጭቃው ላይ አስቀመጠችና ዱላውን ያዘች።

አከረረች። ፈትሉ መጀመሪያ ለስላሳ ነበር፤ ከዚያ ጠነከረ፣ ከዚያ ሕይወት ያለው ይመስል በእጇ ውስጥ መታገል ጀመረ። የመዳፏ ቆዳ ተላጠ። የምታየው የሽማግሌውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ወደ እሷ እየቀረበ የሚመጣ ኮት። እጃቸውን ለማየት ይህን ያህል መጥታ ያየችው ኮታቸውን ነው፤ ከንዴቷ ብዛት ሳቋ መጣ።

«ግራ እግር፣ ድንጋይ» ይላሉ ሚስትየው በተረጋጋ ድምፅ። «ቀጥ በል። አሁን ጉድጓድ። ራመድ። ቀኝ፣ ሥር አለ።»

ከወንዙ መሃል አጎቷ የሆነ ነገር ይጮኻሉ። ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፤ የደረሰው «ድር ቢያብር» የሚለው ነው።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ድንጋዩን ይያዙ» ብላ ጮኸች።

ያኔ ሳቅ በሉ መጣ። ከጎን ማንሣቱ አልጥም ብሎት ማቆሚያውን በሽማግሌውና በሦስቱ አክራሪዎች መሃል ተከለው፤ ልክ ገማጁ ወደ ኋላ የሚመጡበት መንገድ ላይ። እዚያ ተንበረከከና «አባቴ፣ ዞር ብለው አንዲት ደቂቃ ብቻ ይቁሙልኝ» አላቸው።

አንዲት ደቂቃ ብቻ። ደቂቃ የራሷን ቃል ከሰው አፍ ሰማችው። እንግዳ ሲለምናቸው እምቢ ማለት የማያውቁት ሽማግሌ እርምጃቸውን ገታ አደረጉ፤ እንጨቱ በቦዮቹ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ገመዱ ላላ ሊል ሆነ።

«እንዳይቆሙ» አለች። «አባባ፣ ይምጡ፣ እኔ አጸዳዋለሁ።»

እጇ ታስሯል፤ ያላት እግር ነው። ዱላውን እንዳከረረች፣ በአንድ እግሯ ቆማ፣ በሌላው ማቆሚያውን ባላት ኃይል ረገጠችው። ማቆሚያው ከነካሜራው ተገለበጠ፣ ቁልቁለቱን ተንከባለለ፣ ወንዙ ተቀበለው። ሳቅ በሉ ተከትሎት ዳር ድረስ ሮጦ፣ ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ። ሚስትየው «ነጻ ነው፣ ራመድ» አሉ፤ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

ገመዱ ተገምዶ አለቀ፤ ሽማግሌው ቋጠሩት። ልጃቸው ጫፉን በቀጭን ሲባጎና በድንጋይ ወረወረ፤ አንዴ ሳተ፣ ሁለተኛም ሳተ፣ ከዚያ አጎቷ ያዙት። ውኃው ወገባቸው ደርሷል። ደቂቃ በቶሎ ወገብዎ ላይ ይሰሩት ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ሳጥኖቹን ከታንኳዋ ጋር፣ ቀጥሎ ታንኳዋን ከገመዱ ጋር፣ በመጨረሻ ራሳቸውን፣ በሥርዓቱ አሰሩ። አንዱን ቋጠሮ ፈተው ደገሙት። ደቂቃ በዚያች ሰዓት ወንዙ ገብታ በገዛ እጇ ልታንቃቸው ደርሳ ነበር።

ሳቡ። ልጅየው፣ ምራትየዋ፣ ሚስትየው፣ ደቂቃ። ገመዱ እያቃሰተ ውኃውን ጠጣ። ጉልበት ሲጎድላቸው ከኋላ ሌላ ሰው ገብቶ ጎተተ፤ ዞር ብላ ስታይ ሳቅ በሉ ነው፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ጫማው በጭቃ ተውጦ። እውነት ለመናገር ጎበዝ ሳቢ ነበር። ታንኳዋ ከድንጋዩ ተላቀቀች፣ ገደል እንደሚወርድ ጋሪ ዘለለች፣ አልተገለበጠችም። አንድም ቋጠሮ አልተፈታም።

አጎቷ ዳር ሲወጡ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣሉ። ደቂቃ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ሳታስበው ማልቀስ ጀመረች። ያቺን ትንሽ ካሜራ አንገታቸው ላይ በፌስታል ተጠቅልላ አየቻት። ነክተዋት ኖሯል ማለት ነው። አለቀሰች፣ ተናደደች፣ እንደገና አለቀሰች።

ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ያያሉ፤ ደም ነበረው። ኮቱ በብብቱ ተቀዷል፣ ቃጫ ሞልቶታል። ደቂቃ ካሜራዋን ከጭቃው አንሥታ ጠረገችና ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ኮቱን ያስተካክሉ። ላነሣዎት ነው።»

ቀና ብለው አዩዋት። ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ቁልፋቸውን ቆለፉ፣ ሚስታቸውን ካጠገባቸው አቆሙና እጃቸውን በጎናቸው ቀጥ አደረጉ። ደቂቃ እጅዎን እንዲህ ያድርጉ አላለችም፤ አንዲት ደቂቃም አላለችም። እንደቆሙ አነሣቻቸው።

ታንኳዋ ዳግም የምትሳብበት ገመድ ስላልነበራት፣ ሲመለሱ ዙሪያውን በሳቅ በሉ መኪና ሄዱ፤ በቅሎዋን ውኃው ሲጎድል ልጅየው ሊያመጣላቸው ቃል ገባ። ሳቅ በሉ ካሜራው ከነሥዕሎቹ ስለሄደበት መሪውን አንቆ ይነዳል። አጎቷ ግን ሊያጽናኑት ቆርጠው ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ጭነት አለቅጥ ላልቷል ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ አልጋው ታሪክ ገቡ። ደቂቃ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ በዚህ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተመችቷት ተኛች።

ቤቷ ገብታ ትንሿን ካሜራ ኮምፒውተሩ ላይ ስትገለብጥ አንድ ሥዕል አገኘች። ከወንዙ መሃል፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ሞት ወገባቸው ሲደርስ የተነሣ። መላው ምድር ወደ ግራ አዘንብሏል። ከአራት አንዱን እጅ አንድ ደብዛዛ ቀይ አውራ ጣት ሸፍኖታል። በቀረው ውስጥ ግን ሁሉም አለ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሲራመዱ፣ እጆቻቸው እንጨቱ ላይ፣ ገመዱ ከጣቶቻቸው ሥር ሲወለድ፤ ሚስታቸው አፋቸውን ከፍተው መንገድ ሲያነቡላቸው፤ ከጫፍ ደግሞ፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ጥርሷን የነከሰች፣ በአንድ እግሯ የቆመች አንዲት ሴት ዱላ ስታከር። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥታ አታውቅም፤ ይሄንንም አላነሣችውም።

አሳታሚው ሥዕሉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ ይኸው አላት፤ ቀና እናደርገውና ያቺን ጣት እንቆርጣታለን። ለሽማግሌው የሚላከው የኮቱ ፎቶ በክፈፍ ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ደቂቃ እሱን እያየች ስልኩን አነሣችና አጎቷ ጋ ደወለች። ሥዕልዎ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው አለቻቸው፤ ጣትዎን ግን ይቆርጡታል።

ስለ ቋጠሮ ሊጀምሩላት ነው ብላ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገች።

«አስቆርጪው እንግዲህ» አሉ አጎቷ። «ግን ልጄ፣ ካሜራዋን በዚያ ጣት ጨብጬ ነበር አንቺን የያዝኩሽ። ውኃው ከእጄ ሊነጥቃት ሲል።»

መጽሐፉ ወጥቷል። የመጨረሻው ገጽ እንደዘመመ ነው፤ ጣቱም አለ።